የሚያበሳጨውንና የሚጎዳውን መለየት፦ በወላጅና ልጅ ሕክምና ውስጥ አደገኛ ድርጊት የሚያዝበት መንገድ

በአሜሪካ ለሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪ ወላጆች የቀረበ ንግግር

የተከበራችሁ እናቶችና አባቶች፣ የተከበራችሁ አያቶችና አሳዳጊዎች፤

አንድ የአራት ዓመት ልጅ እናቱን በአሻንጉሊት መኪና ፊቷ ላይ ሲመታት፣ እናት በዚያች ቅጽበት ምን ማድረግ አለባት? ብዙዎቻችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ ይህ ነው፤ ተገቢ ጥያቄም ነው። መልሱን ግን በዚያች ቅጽበት ውስጥ ብቻ ከፈለግነው አናገኘውም። ልጅ የሚያበሳጨንን ነገር ሲያደርግና ሰውን፣ ራሱን ወይም ንብረትን የሚጎዳ ነገር ሲያደርግ ሁለቱን ለይተን ካላየናቸው፣ ለሁለቱም የምንሰጠው ምላሽ አንድ ዓይነት ጩኸት ይሆናል፤ ሁለቱን በአንድ ጩኸት የሚቀበል ቤት ደግሞ አንዱንም ማስቆም አይችልም። የዛሬው ንግግሬ በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ይህን ልዩነት በጥብቅ ከሚያስተምሩት የሕክምና መንገዶች አንዱ ፒሲአይቲ በሚለው የእንግሊዝኛ ምኅጻረ ቃል የሚታወቀው የወላጅና ልጅ መስተጋብር ሕክምና ነው። በ1970ዎቹ በኦሪገን ግዛት የሥነ ልቦና ባለሙያዋ ሺላ አይበርግ የጀመሩት ሲሆን፣ በኋላም በፍሎሪዳ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመታት አዳብረውታል። (በዚህ ንግግር የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ሕክምናው የተዘጋጀው ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ለሚሆኑ ልጆች ነው። ወላጅና ልጅ በአንድ ክፍል ውስጥ ይጫወታሉ፤ ባለሙያው በአንድ ወገን ብቻ ከሚያሳይ መስታወት ጀርባ ሆኖ ወይም በካሜራ እያያቸው፣ ወላጁ ጆሮው ላይ ባደረገው ትንሽ ማዳመጫ በኩል እየተናገረ ይመራዋል። ልጁ የባለሙያውን ድምፅ አይሰማም። የሚሰማውና የሚያየው እናቱን ወይም አባቱን ብቻ ነው፤ የሕክምናውም ሐሳብ ይኸው ነው፤ ልጁን የሚለውጠው ወላጁ ስለሆነ፣ ባለሙያው የሚያሠለጥነው ወላጁን ነው።

ሕክምናው ሁለት ምዕራፍ አለው። በመጀመሪያው ምዕራፍ ጨዋታውን የሚመራው ልጁ ነው። ወላጅ ክሊኒክ ከሚያደርገው ልምምድ ሌላ በየቀኑ ቤቱ ውስጥ 5 ደቂቃ መድቦ ከልጁ ጎን ይቀመጣል፤ በእነዚያ ደቂቃዎች አይጠይቅም፣ አያዝዝም፣ አይነቅፍም። ልጁ የተናገረውን መልሶ ይናገራል፣ ልጁ የሚሠራውን እያየ በቃል ይገልጻል፣ አብሮት ያንኑ ይሠራል፣ ያመሰግነዋል፤ ምስጋናውም «ጎበዝ» ብሎ የሚያልፍ ሳይሆን «እንጨቶቹን ሳትወረውር በቀስታ ስለደረደርካቸው ደስ ብሎኛል» እያለ ምክንያቱን የሚናገር ነው። መለኪያው ጥብቅ ነው። ወላጅ ወደ ሁለተኛው ምዕራፍ ከመሻገሩ በፊት በ5 ደቂቃ ውስጥ 10 ጊዜ እንዲህ ያለ ምስጋና መስጠት፣ 10 ጊዜ የልጁን ንግግር መድገም፣ 10 ጊዜም የልጁን ሥራ መግለጽ ይጠበቅበታል፤ ጥያቄው፣ ትእዛዙና ነቀፌታው ደግሞ ተደምረው ከ3 መብለጥ የለባቸውም። እኛ ፍቅራችንን «ብላ»፣ «ልበስ»፣ «ተው ትወድቃለህ» እያልን ለምንገልጽ ወላጆች ከሁሉ የሚከብደው ይህ የመጨረሻው ነው።

እዚህ ላይ «ልጄ ሰው እየመታ ስለ ጨዋታ ታወሪኛለሽ ወይ?» የሚል አባት ይኖራል። ልክ ነው፤ ነገር ግን የልጅ ትልቁ ሀብት የወላጁ ዓይንና ድምፅ መሆኑን እናስተውል። በኦሪገን ግዛት ዩጂን ከተማ ለረጅም ዓመታት ቤተሰቦችን ያጠኑት ጄራልድ ፓተርሰን በወላጅና በልጅ መካከል የሚፈጠረውን የመገዳደር ዑደት እንዲህ አሳይተዋል። ወላጅ ያዝዛል፤ ልጅ ይነጫነጫል፤ ወላጅ ይጮኻል፤ ልጅ ይበልጥ ይጮኻል፤ በመጨረሻ ወላጁ ደክሞት ይተወዋል። በዚያች ቅጽበት ሁለቱም ተምረዋል። ልጁ «አብዝቼ ከጮኽሁ ይተዉኛል» የሚለውን፣ ወላጁም «ከተውሁት ጸጥ ይላል» የሚለውን ይዟል። በሌላ ቀን ደግሞ ወላጁ ሳይተው ቀርቶ ከልጁ በላይ ስለጮኸ ልጁ ዝም ይላል፤ ያን ጊዜ ወላጁ የሚማረው ጩኸት እንደሚሠራ ነው። በየቀኑ ከሁለቱም ወገን አንድ ደረጃ ከፍ እያለ የሚሄደው ንትርክ ውሎ አድሮ ወደ መማታት ይደርሳል። ልጁ ክፉ ሆኖ ስለተፈጠረ አይደለም፤ ወላጁም ልጁን ስላልወደደ አይደለም።

ስለዚህ በመጀመሪያው ምዕራፍ ለወላጆች የምናስተምረው፣ የሚያበሳጭ ነገር ሁሉ እንዳላዩ እንዳልሰሙ እንዲታለፍ ነው። መነጫነጭ፣ ማልቀስ፣ ማኩረፍ፣ «አልወድሽም» ማለት፣ መሳደብ፣ ወለል ላይ መንከባለል በዚህ ወገን ይመደባሉ። ወላጅ ፊቱን ያዞርና ከአሻንጉሊቱ ጋር ብቻውን ይጫወታል፤ ልጁ ለአፍታ እንኳ ሲረጋጋ ወዲያው ተመልሶ «ድምፅህን ዝቅ አድርገህ ስለተናገርከኝ አመሰግናለሁ» ይላል። ዝም ማለት ብቻውን ሥራው አይደለም፤ መመለሱ ነው ሥራው። ያልተመለሰ ዝምታ ኩርፊያ ነው፤ የእኛ ቤቶች ደግሞ ኩርፊያ አላነሳቸውም።

አሁን ጥንቃቄ የሚፈልገው ቦታ ላይ ደረስን። እስከ ትናንት ድረስ በመነጫነጩ ትኩረት ያገኝ የነበረ ልጅ በድንገት ትኩረቱን ሲያጣ፣ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገሩን መተው ሳይሆን ማባባስ ነው። ይነጫነጭ የነበረው ይጮኻል፤ ይጮኽ የነበረው ይወረውራል፤ ይወረውር የነበረው ይማታል። ይህ የሚጠበቅ ነገር ነው፤ ወላጅ ካልተዘጋጀ ግን «ሕክምናው አባሰብኝ» ብሎ በሁለተኛው ሳምንት ያቋርጣል። ከዚህም የከፋው፣ አንዳንድ ወላጅ «ዝም በል ተብያለሁ» ብሎ ልጁ ታናሽ እህቱን ሲነክስም ዝም ይላል። አደገኛ ድርጊት በምንም ምክንያት፣ በየትኛውም ምዕራፍ፣ እንዳላዩ አይታለፍም።

አደገኛ የምንለው ሰውን መምታት፣ መንከስ፣ መርገጥ፣ ማነቅ፤ ሊያቆስል የሚችል ዕቃ ሰው ላይ መወርወር፤ ዕቃ ሆን ብሎ መስበር፤ ከፍ ያለ ነገር ላይ ወጥቶ መዝለል፤ የኤሌክትሪክ ሶኬትና ምድጃ መነካካት፤ ወደ መንገድ መሮጥ፤ ራስን መጉዳት ነው። በመካከል ያሉ ጉዳዮች እንዳሉም አውቃለሁ። ከጨርቅ የተሠራ አሻንጉሊት ወደ ግድግዳ መወርወር ያበሳጫል እንጂ አይጎዳም፤ ያው ልጅ የእንጨት ኩብ ወደ ሕፃን ወንድሙ ከወረወረ ግን ሌላ ነገር ነው። የራሱን ሥዕል መቅደድ የራሱ ጉዳይ ነው፤ የታላቅ እህቱን የትምህርት ቤት ደብተር መቅደድ ማበላሸት ነው። ባልና ሚስት እንዲህ ያሉትን ጉዳዮች ልጁ ተኝቶ ሳለ ቁጭ ብለው ቢነጋገሩባቸውና ቢስማሙ መልካም ነው፤ አባት የሚያልፈውን እናት የምትቀጣው ከሆነ ልጁ የሚማረው ሕጉን ሳይሆን ሰው መምረጥን ነው።

ከአደገኛ ድርጊት ጋር የሚደረገው ትግል ግማሹ የሚያልቀው ልጁ ወደ ክፍሉ ከመግባቱ በፊት ነው። በክሊኒኩ ክፍል ውስጥ የሚቀመጡት አሻንጉሊቶች ጥቂቶች ናቸው፤ የሚገጣጠሙ ኩቦች፣ ወረቀትና የሰም ቀለም፣ የእርሻ እንስሳት። የአሻንጉሊት ሽጉጥ፣ ጎራዴ፣ ኳስና የኳስ መምቻ አይገቡም፤ መማታትን ይጋብዛሉና። ከባድና ሹል ነገር ይነሳል፤ የሚወጣበት መደርደሪያ አይኖርም። በቤታችሁም ለ5 ደቂቃው ጨዋታ እንዲህ አድርጉ። ቡና የሚፈላበትን ሰዓት ለዚህ ጨዋታ አትምረጡ፤ ከሰል ያለበት ምድጃ፣ የፈላ ጀበናና ሲኒ የተደረደረበት ረከቦት ባለበት ክፍል ውስጥ ለሚማታና ለሚወረውር ልጅ «ምራኝ» ማለት አይቻልም። የወላጅ መነጽርና የጆሮ ጉትቻም ቢወልቅ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ልጁ ይመታል እንበል። በመጀመሪያው ምዕራፍ ውስጥ ያለው መልስ አጭር ነው፤ ጨዋታው በዚያው ያበቃል። ወላጁ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ አንድ ጊዜ ብቻ «ስለመታኸኝ የጨዋታችን ጊዜ አብቅቷል፤ በሚቀጥለው በሰላም እንጫወታለን» ይላል፤ አሻንጉሊቶቹን ሰብስቦ ይነሳል። ስብከት የለም፤ «ለምን መታኸኝ? እኔ እናትህ አይደለሁም ወይ?» የለም። የአራት ዓመት ልጅ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም፤ የሚያገኘው ነገር ቢኖር መምታቱ ያስገኘለትን የእናቱን ሙሉ ትኩረት ነው። መምታቱን ከቀጠለ ወላጁ እጁን በክንዱ ይከላከላል፣ ወደ ኋላ ይላል፣ ሌላ ልጅ በአቅራቢያው ካለ ያንን ያነሳል፤ ይህን ሁሉ ሲያደርግ ፊቱ የተረጋጋ፣ አፉም የተዘጋ ይሁን። በክሊኒኩ ከሆነ ባለሙያው በማዳመጫው በኩል ደረጃ በደረጃ ይነግረዋል፤ ካስፈለገም ገብቶ ያግዛል። ልጁ ከተረጋጋ በኋላ በዚያው ቀን ጨዋታው እንደገና ሊሞከር ይገባል፤ ጨዋታውን ለሳምንት መከልከል በልጁ ዘንድ ቂም እንጂ ትምህርት አይሆንም።

ሁለተኛው ምዕራፍ ትእዛዝን ማክበር የሚማሩበት ነው። ወላጅ የሚሰጠው ትእዛዝ ቀጥተኛ፣ አንድ ብቻ፣ ግልጽና ልጁ በዕድሜው ሊያደርገው የሚችለው መሆን አለበት፤ «አትረብሽ» ሳይሆን «እባክህ ኩቡን ሳጥን ውስጥ አድርገው» ይላል። ከዚያ 5 ሰከንድ ይጠብቃል። ልጁ ከታዘዘ ምስጋናው ወዲያው ይመጣል። ካልታዘዘ አንድ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ አሁንም ካልታዘዘ በተለመደው ስሙ ታይም አውት ወደሚባለው ወንበር ይወሰዳል። በወንበሩ ላይ 3 ደቂቃ ይቀመጣል፤ ከዚያም 5 ሰከንድ ጸጥ ካለ በኋላ ወላጁ ቀርቦ ያንኑ ትእዛዝ ለመፈጸም ዝግጁ መሆኑን ይጠይቀዋል። ትእዛዙ ሳይፈጸም አይቀርም፤ ይህ ዋና ነገር ነው፤ ምክንያቱም ወንበሩ ከሥራው ማምለጫ ከሆነ ልጁ ወንበሩን ይመርጣል።

ብዙ ወላጅ የሚፈራው ልጁን ወደ ወንበሩ የሚወስድበትን ጉዞ ነው፤ ፍርሃቱም እውነት አለው፤ የሚራገጥ ልጅ ፊት ለፊት ሲያቅፉት ጥርስና ክርን ያገኛል። ስለዚህ ከኋላው ሆኖ በብብቱ ሥር በሁለት እጅ አቅፎ፣ ፊቱ ወደ ውጭ እንዲሆን አድርጎ መውሰድን እናስተምራለን። ወንበሩ ከግድግዳ፣ ከመስኮትና ሊወረወር ከሚችል ነገር የራቀ ይሁን። ልጁን ወንበሩ ላይ በጉልበት ጨብጦ ማቆየት ግን አይመከርም፤ ትግል ይሆናል፣ ትግል ደግሞ ትኩረት ነው፣ ሰውም ሊጎዳበት ይችላል። ከወንበሩ ከወረደ ወደ ሌላ የተዘጋጀ ክፍል ለ1 ደቂቃ ይገባና፣ 5 ሰከንድ ጸጥ ካለ በኋላ ወደ ወንበሩ ተመልሶ ጊዜውን ይጀምራል። ክፍሉ መብራት የበራበት፣ የሚሰበርና የሚያቆስል ነገር የሌለበት፣ ወላጁም ከበሩ የማይርቅበት መሆን አለበት። ልጅን ጨለማ ክፍል ውስጥ ቆልፎ «አያ ጅቦ ይመጣልሃል» ማለት ከዚህ ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ ያኛው ማስፈራራት ነው፣ ይህኛው አሰልቺ ቦታ ነው። ልጁ በዚህ ጊዜ ራሱን ከመሬት ጋር ማጋጨት ከጀመረ ጭንቅላቱን ከጉዳት መከላከል ይቀድማል፤ ጉዳዩንም በዚያው ዕለት ለባለሙያው መንገር ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ደግሞ በክሊኒክ ውስጥ ከባለሙያ ጋር ሳትለማመዱት ቤታችሁ ውስጥ አትጀምሩት፤ የመጀመሪያው ቀን ብዙ ጊዜ ረጅምና አድካሚ ነውና፣ በማዳመጫው ውስጥ የሚያረጋጋችሁ ሰው ያስፈልጋችኋል።

ልጁ ትእዛዝ ማክበርን ከለመደ በኋላ የቤት ሕግ የሚባለው ይመጣል። መምታትን የመሰለ አንድ አደገኛ ድርጊት ይመረጥና፣ ልጁ ተረጋግቶ ሳለ «ከዛሬ ጀምሮ የመታ ወዲያው ወደ ወንበሩ ይሄዳል» ተብሎ ይነገረዋል። ከዚያ በኋላ በመታ ቁጥር ማስጠንቀቂያ የለም፤ ቁጣም የለም፤ ወንበር ብቻ። ማስጠንቀቂያው የቀረበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ለመምታት ማስጠንቀቂያ ከሰጠን አንድ ጊዜ መምታት በነጻ ተፈቅዷል ማለት ነው። ወላጆች ይህን በመጀመሪያው ቀን ሊጀምሩት ይቸኩላሉ። የጨዋታው ምዕራፍ የሚቀድመው ግን በምክንያት ነው፤ ከወላጁ ጋር መሆን የማያስደስተው ልጅ ከወላጁ መለየት አይከብደውም፤ እንዲህ ላለው ልጅ ወንበሩ ባዶ ወንበር ነው።

አሁን ወደ ዱላ ልምጣ፤ በአዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ እያሰበው ስለሆነ ባልናገረው ደስ አይለኝም። «ያልተቀጣ ልጅ ሲቆጡት ያለቅሳል» የሚሉ አባቶቻችን ልጅ ሥርዓት እንደሚያስፈልገው ማወቃቸው ትክክል ነበር፤ ያለ ሥርዓት የሚያድግ ልጅ እንደሚጎዳ እኔም አምናለሁ። የማልስማማው ሥርዓቱ በቁንጥጫና በቀበቶ ይመጣል በሚለው ላይ ነው። የሚማታን ልጅ በመምታት ማስተማር፣ ትልቅ የሆነ ሰው ሲናደድ ይመታል የሚለውን ትምህርት በወላጁ እጅ ማጽደቅ ነው። በ2004 ማርክ ቻፊንና ባልደረቦቻቸው በኦክላሆማ ያሳተሙት ጥናት ልጆቻቸውን በመደብደብ ለሕፃናት ጥበቃ ተቋም የተጠቆሙ 110 ወላጆችን ተከታትሏል። በመካከለኛ ስሌት 850 ቀናት ካለፉ በኋላ፣ የተለመደውን የወላጅ ሥልጠና ከወሰዱት ውስጥ 49 በመቶው ስለ ድብደባ እንደገና ሪፖርት ሲደረግባቸው፣ ይህን ሕክምና ከወሰዱት ግን እንደገና ሪፖርት የተደረገባቸው 19 በመቶው ብቻ ነበሩ። እነዚያ ወላጆች ከእኛ የተለየ ልብ አልነበራቸውም፤ በእጃቸው ሌላ መሣሪያ ስለገባ እጃቸውን ማንሳት አላስፈለጋቸውም።

ሕጉንም ማወቅ አለባችሁ። በዚህ አገር መምህር፣ ሐኪምና እንደ እኔ ያለ ቴራፒስት በልጅ ላይ ጉዳት መድረሱን ሲጠረጥር ለሚመለከተው አካል የማሳወቅ ግዴታ አለበት፤ ይህንንም በመጀመሪያው ቀጠሮ በግልጽ እንነግራችኋለን። ስዊድን በ1979 በቤት ውስጥ ልጅን መምታት በሕግ ከልክላለች፤ የእስራኤል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2000 ወላጅ ለቅጣት ብሎ ልጁን መምታት እንደማይችል ወስኗል፤ በእነዚህ አገሮች ዘመድ ያላችሁ ይህን ታውቃላችሁ። በአገራችንም በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ልጆችን በትምህርት ቤትና በማሳደጊያ ተቋማት ውስጥ ከአካላዊ ቅጣት ይጠብቃል። «ልጄን ይወስዱብኛል» የሚለው ፍርሃት ብዙዎቻችሁን ከሕክምና እንደሚያርቃችሁ አውቃለሁ። እርዳታ ለመጠየቅ መምጣት ግን ልጁን ለመጠበቅ የሚደረግ ነገር ነው፤ በሩ ላይ ፖሊስ እስኪቆም ከመጠበቅ አስቀድሞ መምጣት ለልጁም ለእናንተም ይበጃል።

አያቶች በቤት ካሉ እነሱም መግባት አለባቸው፤ ልጁ ወንበር ላይ ሳለ «አይዞህ የኔ ልጅ» ብላ ከረሜላ የምታቀብል አያት በደግነቷ የልጁን ጩኸት ታሳድገዋለች። ስለ ቋንቋም የምትጠይቁኝ አላችሁ። በጨዋታው ጊዜ በአፍ መፍቻ ቋንቋችሁ ተናገሩ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ልጁ በእንግሊዝኛ ቢመልስም እናንተ ያለውን በአማርኛ መልሳችሁለት ቀጥሉ። በተሰባበረ እንግሊዝኛ የሚያመሰግን ወላጅ ድምፁ ውስጥ ያለው ሙቀት ግማሹ ይቀርበታል።

ይህ ሕክምና ሁሉንም ጉዳይ አይመልስም። ዕድሜው ከሰባት ያለፈና ጉልበቱ የጠና ልጅ ሌላ አካሄድ ይፈልጋል። ቢላ የሚያነሳ፣ ሆን ብሎ እሳት የሚለኩስ፣ እንስሳትን የሚያሠቃይ ወይም «መሞት እፈልጋለሁ» የሚል ልጅ የሚቀጥለውን ሳምንት ቀጠሮ አይጠብቅም፤ በዚያው ቀን ባለሙያ ሊያየው ይገባል። የሕይወት አደጋ ካለ 911፣ ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወይም ከባድ የአእምሮ ጭንቀት ከሆነ 988 ይደወላል። የመስማት ችግር፣ የሚጥል በሽታ ወይም የንግግር መዘግየት እንደ እልኸኝነት ሊታይ ስለሚችል የሕፃናት ሐኪሙም አስቀድሞ ይጠየቅ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደውሉ የልጁን አደገኛ ድርጊት ሳትደብቁና ሳታሳንሱ ተናገሩ፤ ማንን እንደመታ፣ በምን እንደመታ፣ ቁስል ስለመድረሱ፣ በቤት ውስጥ ሕፃን፣ ነፍሰ ጡር ወይም አረጋዊ ስለመኖሩ። እናንተም ጠይቁ፦ ልጄ በቀጠሮው መካከል ቢማታ ምን ታደርጋላችሁ? ክፍሉን ማሳየት ትችላላችሁ? አስተርጓሚ ካስፈለገኝ በማዳመጫው የሚናገረኝ ማነው? ከዚያ በኋላ ስለ ልጁ ጠባይ 36 ጥያቄዎች ያሉት መጠይቅ ይሰጣችኋል፤ በየቀጠሮውም ትሞሉታላችሁ። እነዚህ ጠባዮች ምን ያህል ጊዜ እንደሚታዩ የሚለካው የድግግሞሽ ነጥብ 131 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ልጁ ሕክምና እንደሚያስፈልገው ያመለክታል። ሕክምናው የሚያበቃው የተወሰነ የቀጠሮ ብዛት ስለሞላ አይደለም፤ ይህ ነጥብ ወደ 114 ወይም ከዚያ በታች ሲወርድ፣ ወላጁ የሁለቱን ምዕራፎች ችሎታ በባለሙያው ፊት ሲያሳይና ልጁን በራሱ መምራት እንደሚችል ሲሰማው ነው። አመሰግናለሁ፤ ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ።